የወታደር እጮኛ መርዶ ይነገራት ወይስ አይነገራት?

የደሴዋ፦ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴን ልናገር። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ እጮኛዬ ወታደር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር፤ ሳይልክ ወደ ዛላምበሳ ሄደ። ደብዳቤው የሚመጣው ለእናቱ ነው። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይዤ እሄድና አነብላቸው ነበር። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ለእኅቴም ሰላምታዬን አድርሱልኝ» ይላል። እኅት የለውም። እናቱ ግን አንድም ቀን «የቷን እኅቱን ነው?» ብለው አልጠየቁኝም።

መርዶው የደረሰው ጦርነቱ ካቆመ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ ስመጣ ድንኳን ተተክሏል። ነጠላዬን ላዘቅዝቅ ብል፣ «ምኑ ነሽ?» ለሚለኝ መልስ ስላልነበረኝ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዳር ተቀመጥሁ። ወታደር ሲዘምት ከወላጆቹ ሌላ መርዶ የሚነገረውን አንድ ሰው ስም ራሱ ይጻፍ። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አባት፣ ከአዳማ፦ ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፤ በሐሳብሽ ግን አልስማማም። እኔ የልጄን ሞት የሰማሁት ገበያ መካከል ነው። እህል እየሸመትሁ ሳለ አንድ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። ምን ሆኜ ነው የሚያጽናናኝ ብዬ ጤፉን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። መርዶ ሥርዓት የተበጀለት ለዚህ ነው። የእድሩ ሰዎችና የንስሐ አባት ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው አለ። ወሬው ወደ ሁለት ቤት ከተላከ አንደኛው ቤት ከመንገድ ይሰማዋል።

የሕግ ተማሪው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያንን አላስቀጠለም፤ የወጣውም የሰኔ 1992ቱ የተኩስ አቁም በተፈረመ በወሩ ውስጥ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩ ሕጉ መብት ይሰጣል፤ ለጋራ ንብረት ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት አብሮ መኖርን ይጠይቃል። ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው ከማን ጋር አብሮ ይኖራል? መፍትሔው አንቀጽ 12 ይመስለኛል፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር ፍትሕ ሚኒስቴር በእንደራሴ፣ ማለትም በወኪል፣ መጋባትን ሊፈቅድ ይችላል። ይጋቡ፤ ያኔ መርዶውም ለሚስት ይነገራል፤ ከጡረታ አበሉም ድርሻ ይኖራታል።

ጡረተኛው ሻምበል ባሻ፦ ወንድሜ፣ ሚኒስቴሩ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከምሽግ ማመልከቻውን በማን እጅ ይላክ? እኔ በነበርሁበት ክፍል የተጠሪ ስም ስንመዘግብ አብዛኛው ልጅ የእናቱን ስም ያስጽፍ ነበር። ማታ በባትሪ ብርሃን ደብዳቤ የሚጽፈው ግን ለሌላ ነው። ከሞቱት ልጆች ኪስ ያልታሸገ ደብዳቤ አውጥቼ ከንብረታቸው ጋር ለወላጅ አስልኬአለሁ። ለማን እንደተጻፈ እያወቅሁ የምልክበት አድራሻ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ከደሴዋ ጋር ነኝ። የሁለት ሴት ስም የሚያስጽፍ ይመጣል ለምትሉኝ፣ አንድ መስመር ብቻ ስጡት።

የባሕር ዳሯ፦ እኔ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም። በ2013 እጮኛዬ ትግራይ ውስጥ እያለ ስልክ ተቋረጠ። ወራት ሙሉ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፤ የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር እግሬ ይከዳኝ ነበር። ስሜ መዝገብ ላይ ቢኖር ጥሪው ሁሉ መርዶ ይመስለኝ ነበር። ደግሞስ በ22 ዓመቴ፣ ሳላገባ፣ የሟች ሚስት ተብዬ ልቆጠር? የሚያስፈልገኝ በሕይወት መኖሩን የሚነግረኝ ሰው ነበር። ስለዚያ እዚህ ማንም አላነሣም።

የደሴዋ፦ እውነትሽን ነው እኅቴ፣ እኔም አላነሣሁትም። እንግዲያው ስሟ የሚጻፈው ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ስትፈርም ይሁን። የጡረታ አበሉን አልመኝም፤ የእናቱ ነው። እናቱ ካረፉ በኋላ ግን ቤቱን ያጸዱትን ዘመዶች ደብዳቤዎቹን ስጡኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ተቃጥለዋል አሉኝ።

አባት፣ ከአዳማ፦ ልጅቷ ከፈቀደችና የወላጅ ቤት ከቀደመ አልቃወምም። ግን በዚያው ጎህ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ከእኛ ቤት ተነሥተው ወደ እርሷ ይሂዱ። ጉልበቴ ከያዘኝ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።