ጎማው የጄኔሬተሩን ንዝረት አባሰብኝ፤ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ዳቦ ቤታችን ጓሮ ያለው የናፍጣ ጄኔሬተር በደቂቃ 1500 ዙር ይዞራል፤ በሰከንድ 25 መሆኑ ነው። ንዝረቱ እንዲቀንስ ብዬ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ባሰበት! ጎረቤታችን እማማ ቤት ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ሲንኳኩ በጆሮዬ ሰማሁ፤ በጣም አፈርኩ።

ስለካው ጎማው በክብደቱ የተጨመቀው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሳሰላው ጄኔሬተሩ ጎማው ላይ ሆኖ በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት በሰከንድ 22 ጊዜ ገደማ መጣ። ከሞተሩ 25 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ደግሞ ንዝረቱ ይብሳል! በክብደቱ 5 ሚሊሜትር የሚጨመቅ ስፕሪንግ ባደርግለት ወደ 7 ይወርዳል። የጨነቀኝ ግን ሲነሳና ሲጠፋ በዚያች 7 ላይ ማለፉ አይቀርም። ያኔ እንዳይዘል ምን ልጨምርበት? የናፍጣ ቱቦውስ ይበጠስብኝ ይሆን? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።