ለግል ፒካፕ ቢጫ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይፈቀዳል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባህር ዳር ነው የምኖረው። የተበላሹ ጀልባዎችን ከጣና ዳር አንስቼ በግል ፒካፔ እየጎተትኩ ጋራዥ አደርሳለሁ። የጀልባው ጭራ ከተሳቢው አልፎ ይወጣል፤ የፒካፑን ፍሬቻም ይሸፍነዋል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፤ ሲመሽ ግን ማን ያየዋል? ባለፈው ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ስወርድ አንድ ባጃጅ ሰው እንደጫነ ከሥሩ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። በጣም ነው የደነገጥኩት።

ጋቢናው ላይ ቢጫ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ላስገጥም አስቤያለሁ። ቀይና ሰማያዊው የፖሊስና የአምቡላንስ ስለሆነ አልነካውም። ቢጫውን ግን አንዱ መካኒክ «ግጠመው፣ ማንም አይናገርህም» ይለኛል፤ ሌላው «ቦሎ ይከለክሉሃል» ይላል።

ፈቃድ ያስፈልገዋል? የሚሰጠው ትራንስፖርት ቢሮ ነው ወይስ ትራፊክ ፖሊስ? በሕጋዊ መንገድ ያስገጠማችሁ ካላችሁ፣ ምን ወረቀት እንደተጠየቃችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ክረምት ሳይገባ ልጨርሰው።