ጥርሱን በሙሉ በኢምፕላንት ያስተከለ ጅማ ውስጥ አለ?

ጡረተኛው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 63 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሂርማታ አካባቢ ነው። የራሴ የምለው ጥርስ አልቋል። ላይም ታችም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ያለኝ። የላይኛው ምንም አይልም፤ የታችኛው ግን አሳሬን እያበላኝ ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎው በፊቴ ያልፋል። ባለፈው ለቅሶ ቤት እያወራሁ ብድግ ሲልብኝ በምላሴ ያዝኩት። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ እንዳላየ ሆነው ወደ በሩ ዞሩ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ «አባዬ፣ ኢምፕላንት አስተክልና ተገላገል» ይለኛል። አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን ነው አሉኝ፤ እኔ ደግሞ 28 ብሎን መንጋጋዬ ውስጥ ሲገባ እየታየኝ እፈራለሁ። ስኳር አለብኝ፤ ክኒን እወስዳለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

የጥርስ ሐኪሙ፦
ጋሼ፣ 28 ማን አለዎት! ለአንድ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ይበቃል፤ ጥርሱ በሙሉ እነሱ ላይ ይታሰራል። ብሎኑ ታይታኒየም ነው፤ አጥንት ይወደዋል፣ ተጣብቆት ያድጋል። ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ በ1965 እ.ኤ.አ. የተከለለት የመጀመሪያው ሰው ከ40 ዓመት በላይ በልቶበታል።
የታችኛው የሚያስቸግርዎት ወዶ አይደለም። ጥርስ ከወለቀ በኋላ አጥንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። የላይኛው ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ የታችኛው የሚይዘው ነገር የለውም፣ ምላስም ይገፋዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለታች ብቻ ሁለት ኢምፕላንት አስተክዬ፣ የሚወልቀውን ጥርስ እላዩ ላይ ቀጭ አደርገው ነበር። ወጪውም ቀዶ ጥገናውም ይቀንሳል።
«በአንድ ቀን ጨርሰህ ትወጣለህ» የሚል ካጋጠመዎት ይጠይቁት። በዚያው ቀን የሚገጠመው ጊዜያዊ ጥርስ ነው። አጥንቱ እስኪይዝ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ለስላሳ ለስላሳውን ነው። ስኳር ብቻውን አይከለክልም፤ ከቁጥጥር የወጣ ስኳር ግን ቁስሉን ያዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። የስኳርዎን የሦስት ወር አማካይ ተመርምረው ይምጡ።

የአጋሮዋ፦
ጋሼ፣ እናቴ ልክ ዶክተሩ እንዳሉት ታች ሁለት ነው ያስተከለችው፣ አዲስ አበባ። አሁን ጥብስ ትበላለች፤ እኛን አትጠብቅም። ማታ ታወልቀዋለች፣ ብሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ድድ በለስላሳ ብሩሽ ታጸዳለች። እሱን ችላ ካሉት ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱም ይበላል።
ማንም ያልነገረን ነገር አለ። ቀጭ የሚያደርጉት ትንንሽ ላስቲኮች ያልቃሉ፤ መቀየር አለባቸው። ለዚያች ለምታህል ነገር እስከ አዲስ አበባ ድረስ መንገድ! ዋጋ ሲጠይቁም «ብሎኑ ብቻ ነው ወይስ ራጁም፣ ጊዜያዊውም፣ የመጨረሻው ጥርስም አለበት?» ይበሉ። እኛ የሰማነው ዋጋ የብሎኑ ብቻ ኖሯል።

የመንደራው ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ? ጫትስ? አጎቴን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። የሚያጨስ ሰው ብሎኑ ቶሎ ይነቀልበታል አሉት።

ጡረተኛው፦
ሲጋራ ድሮ ቀረ። ጫት? በየትኛው ጥርሴ ልጄ! ጓደኞቼ በሙቀጫ እያስወቀጡ ይቅማሉ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባሁም። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስኳሩን ምርመራ ሰኞ አደርጋለሁ፤ ለልጄም ሁለቱ ለታች ይበቃሉ እለዋለሁ። የአጋሮዋ እህቴ፣ ላስቲኩን እዚሁ ጅማ የሚቀይር ሰው ካገኛችሁ ጻፊልኝ።