የፕሮፓንት መጠን ሳይለወጥ ስንጥቅን ማስረዘም ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ፐርሚያቢሊቲው (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ) 0.5 ሚሊዳርሲ በሆነ የአሸዋ አለት ላይ ለተቆፈረ የድፍድፍ ነዳጅ ጉድጓድ የሃይድሮሊክ ስንጥቅ (አለቱን በፈሳሽ ግፊት ሰንጥቆ ለነዳጁ መንገድ የመክፈት) ንድፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጉድጓዶቹ በ800 ሜትር ይራራቃሉ፤ የተመደበው ፕሮፓንትም (ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚሞላበት አሸዋ መሰል እህል) ሊጨመር አይችልም። እኔ ያሰብኩት በእያንዳንዱ ጎን 150 ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ነው። ባልደረቦቼ ግን አለቱ ነዳጁን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ርዝመቱ 300 ሜትር ይሁን ይላሉ። የማን ሐሳብ ይሻላል? በምንስ ስሌት ይወሰናል?

መልስ 1፦
የባልደረቦችዎ መነሻ ትክክል ነው፤ የአለቱ ፐርሚያቢሊቲ ባነሰ መጠን ርዝመት ከስፋት ይልቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ፕሮፓንቱና የስንጥቁ ቁመት ካልተለወጡ፣ በርዝመት የሚገኘው ሁሉ ከስፋት ላይ የሚቀነስ ነው። ሚዛኑን ለማየት የስንጥቁን ፐርሚያቢሊቲ በስፋቱ ያባዙና፣ ውጤቱን ለአለቱ ፐርሚያቢሊቲና ለአንድ ጎን ርዝመት ብዜት ያካፍሉ። የፕሮፓንቱ ፐርሚያቢሊቲ 50,000 ሚሊዳርሲ ነው ብንል፣ በ150 ሜትር የሚገኘው ቁጥር 2 ነው። በ300 ሜትር ግን ስፋቱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ቁጥሩ 0.5 ይሆናል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ጫፉ ላይ የደረሰውን ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ ለማምጣት ይቸገራል። ፕሮፓንቱ ከሚያገለግለው የአለት ስፋት አንጻር ጥቂት ሲሆን የተሻለው ቁጥር 1.6 ገደማ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ርዝመቱም ወደ 165 ሜትር ይሆናል። አለቱ 0.05 ሚሊዳርሲ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ወደ 340 ሜትር ይወስድዎት ስለነበር የባልደረቦችዎን ሐሳብ እደግፍ ነበር።

መልስ 2፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ የሚያሳስበኝ 50,000 የሚለው ቁጥር ነው። ከመሬት በታች የፕሮፓንቱ እህል ይደቅቃል፣ ለስላሳ አለት ውስጥ ይሰምጣል፣ ፕሮፓንቱን ተሸክሞ የገባውና ሙሉ በሙሉ ያልተሰበረ (ወደ ቀጭን ፈሳሽ ያልተለወጠ) ጄልም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በዚህ ምክንያት ፐርሚያቢሊቲው ወደ 10,000 ቢወርድ የተሻለው ርዝመት 75 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የአምራቹን ሠንጠረዥ ሲያነቡ ስንጥቁን መልሶ በሚዘጋው ግፊት ልክ የተለካውን ዋጋ ይውሰዱ፤ ከዚያም ላይ ለጄሉ ጉዳት ይቀንሱ። ግፊቱ ከፍተኛ ከሆነ ከአሸዋ ይልቅ ሴራሚክ ይመርመሩ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደፊት በአካባቢው ውሃ የሚያስገቡ ጉድጓዶች ይኖራሉ። ይህ ርዝመቱን ይለውጠዋል?

መልስ 3፦
አዎ፣ እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የነበረበት ይህ ነው። ስንጥቅ የሚያድገው ከፍተኛው አግድም የአለት ጫና ወዳለበት አቅጣጫ ነው፤ በአሠራር ሊያዞሩት አይችሉም። ውሃ የሚያስገባው ጉድጓድ በዚሁ መስመር ላይ ከወደቀ፣ ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ውሃው ነዳጁን ሳይገፋ በአቋራጭ ወደ እርስዎ ጉድጓድ ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ 165 ሜትሩም ሊበዛ ይችላል። የውሃ ማስገቢያዎቹ መስመር ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ሆኖ በጎን ከተሠራ ግን ረጅም ስንጥቅ ውሃው ነዳጁን በሰፊ ግንባር እንዲገፋ ያግዛል። የጫናውን አቅጣጫ ከጉድጓዱ ግድግዳ ምስል ላይ ማንበብ ይቻላል። ከሥራው በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን ዘግተው የግፊቱን አመላለስ ይለኩ፤ በእውነት የሚሠራው ርዝመት ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር ከተሰላው ያንሳል፣ የሚቀጥለውን ጉድጓድ ንድፍም በዚያ ልክ ያስተካክሉ።