ጥንቸላችን ከጅራቷ ስር ትል አገኘንባት፣ እስከ ሰኞ ትቆያለች?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በዚ ሰዓት ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ ጥንቸል ያላችሁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጆቹ ወጥረውኝ ነው ያመጣኋት፣ አሁን አራት አመቷ ነው። ከትላንት ጀምሮ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች፣ ድርቆሿን አልነካችም፣ ዛሬ ቤቷን ሳጸዳ የሆነ የሚከረፋ ነገር ሸተተኝ። ገልበጥ አድርጌ ሳያት ከጅራቷ ስር ጸጉሯ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ገለጥ ሳደርገው ነጫጭ ነገር ይርመሰመሳል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ማታ ነው፣ የምንወስዳት ክሊኒክ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። በሞቀ ውሃ አጥቤያት ልጠብቅ? እስከ ሰኞ ትቆያለች?

—

እህቴ እስከ ሰኞ አትቆይም። እስከ ነገ ጠዋትም አትጠብቂ፣ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ስልክ አንሺ፣ የቀረውን መንገድ ላይ ሌላ ሰው ያንብብልሽ።

ያየሽው ነገር ፍላይስትራይክ ይባላል፣ ዝንብ እንቁላሏን ጥላባት ትል ሲፈለፈልባት ማለት ነው፣ ሐኪሞቹ ማያሲስም ይሉታል፣ እንግሊዝኛ የማይነገርበት አገር ከሆንሽ በዚ ሁለተኛው ይግባቡሻል። ስልኩ ላይ የመጀመሪያው ቃልሽ እሱ ይሁን። «ጥንቸሌ አሟታል» ካልሽ ቀጠሮ ነው የሚሰጡሽ፣ «ፍላይስትራይክ ነው፣ ትሉን በአይኔ አይቻለሁ፣ ከትላንት ጀምሮ አልበላችም» ካልሽ ግን ድንገተኛ መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። ክሊኒኩ ዝግ ቢሆንም ደውይ፣ ብዙ ጊዜ የተቀዳው ድምጽ መጨረሻ ላይ የማታ ተረኛውን ቁጥር ይናገራል፣ ከፈጠነብሽ ደግመሽ ደውለሽ ስሚው፣ እኔ ቁጥሩን ለመያዝ ሶስቴ ነው የደወልኩት። ተረኛው ሲያነሳ ጥንቸል ያያል ወይ ብለሽ ጠይቂ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ጥንቸልን ከውሻና ከድመት ጋር አይቆጥሯትም፣ ኤክዞቲክ (ያልተለመዱ የቤት እንስሳት) የሚሉት ውስጥ ነው የሚከቷት፣ ሁሉም ሐኪም ደግሞ በእሷ ልምድ የለውም።

አትጠቢያት። ይሄን የምልሽ አጥቤ ስላየሁት ነው። የኛዋን ልጄ ጥጤ ነበር የምትላት፣ ወፍራም ነበረች፣ ጎንበስ ብላ ኋላዋን መላስ አትችልም ነበር፣ እኔ ደግሞ ድብልብል ማለቷ ያምርባታል ብዬ ስስቅ ነው የከረምኩት። ትሉን ያየሁ ቀን በሳፋ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጌ ሻምፑ ሁሉ ጨምሬ ነከርኳት። ትሉ ተንሳፎ ሲወጣ ጨረስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ የወጣው ከላይ ያለው ብቻ ነው፣ ቆዳዋ ስር የገባውን ውሃ ምን ያደርገዋል። ጥንቸል ውሃ ውስጥ ስትገባ ትደነግጣለች፣ ከዛ ይበርዳታል፣ እንዲህ የታመመች ደግሞ ድንጋጤውን አትችለውም። ሐኪሟ ጋ ስንደርስ የረጠበው ጸጉር መላጫው ውስጥ እየተጠቀለለ አላስኬድ አላት፣ መጀመሪያ ማድረቅ ነበረባት፣ የኔ ብልጠት ያቺን የመሰለች ሰዓት በላ። ጥጤ ሊነጋጋ ሲል ሞተች።

አሁን ማድረግ የምትችይው ይሄን ነው። አንድ ሰው ፎጣ ላይ አስቀምጦ በቀስታ ይያዛት፣ በጀርባዋ አታስተኛት፣ ዝም ስትል የተረጋጋች ይመስላል እንጂ ፍርሃት ነው የሚያደርቃት። በወረንጦ ከላይ የሚታየውን ትል እየለቀምሽ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ ጨምሪ፣ ቆዳ ውስጥ ግማሽ የገባውን አትጎትቺ። ጸጉሯን በመቀስ ልቁረጥ እንዳትዪ፣ የጥንቸል ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ከጸጉሩ ጋር ቆዳውን ትቆርጪዋለሽ። ጆሮዋን ንኪው፣ ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ ጎኗ አድርጊላት። ሳጥኗን ሌላ ዝንብ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ሸፍኚው፣ አየር ግን ይግባ። ይሄ ሁሉ ክሊኒኩ መልስ እስኪሰጥሽ ድረስ ነው፣ ሂጂ ካሉሽ የቀረው ትል ይቅር፣ ተነሺ።

ደግሞ እባክሽ ቤት ያለ መድሃኒት እንዳትነኪ። በተለይ የውሻና የድመት ቁንጫ መድሃኒት ፊፕሮኒል የሚባል ካለበት ጥንቸል ይገላል። የሰው ማስታገሻም አትስጫት። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን በአፍ ደግሞ ጭራሽ፣ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያበላሽና እሱ ራሱ ይገላታል።

—

ጥንቸል የለኝም፣ ግን ገረመኝና ልጠይቅ ብዬ ነው። ትል እኮ ቁስል ያጸዳል ይባላል፣ ሆስፒታል ሁሉ ለስኳር ቁስል ይጠቀሙበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄን ያህል ያስሮጣል? ጨው በውሃ ወይ አልኮል ቢያፈሱበት አይሞትም?

—

ወንድሜ የሰማኸው እውነት ነው፣ ዝንቡም ያው ዝንብ ነው፣ ሉሲሊያ ሴሪካታ የሚባለው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨው። አሜሪካ ውስጥ የመድሃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለህክምና ፈቅዶታል። ግን ያኛው ላብራቶሪ ውስጥ ከጀርም ጸድቶ ያደገ ነው፣ በልክ ይደረጋል፣ በፋሻ ይታሸጋል፣ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ይነሳል። ጥንቸል ላይ የሚወድቀው ቆጣሪ የለውም። አንዲት ዝንብ በአንዴ እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ሙቀት ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓት ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ትል ከአፉ ስጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ እየለቀቀ ነው የሚበላው፣ የሞተ ስጋ ብቻ መርጦ አይቆምም። ትሉ የበላው ቆዳ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሽታው ሌላ ዝንብ ይጠራል፣ የመጣችው ዝንብ ደግሞ ሌላ 200 ትጥላለች። ጥንቸሏ በህመሙና ደሟ ውስጥ በሚገባው መርዝ ሾክ ውስጥ ትገባለች፣ ጠዋት ደህና የነበረች በማግስቱ ሬሳ ሆና የምትገኘው ለዛ ነው።

ጨውና አልኮል የተላጠ ስጋ ላይ ማፍሰስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተው አስበው፣ ትሉን ከመግደሉ በፊት እሷን በህመም ይገላታል።

—

ሰላም፣ እኔ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ነው የምሰራው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ስንቀበላቸው ምን እንደሚደረግ ላስረዳ፣ እህታችን ስትደርስ እንዳትደነግጥ። መጀመሪያ ማስታገሻ ይወጋሉ፣ ሞቅ ያለ ጉሉኮስ ይሰጣሉ፣ ቀና ስትል ነው በማደንዘዣ ወይ በማረጋጊያ አድርገው ጸጉሯን የሚላጩት፣ ከዛ ትሉን አንድ በአንድ መልቀም ነው። ስራው ረጅም ነው፣ ጨረስን ስንል ከእጥፋት ውስጥ ሌላ ብቅ ይላል። የቀረውን እንዲገድል ብዙ ጊዜ አይቨርሜክቲን ይወጋሉ፣ ለጥንቸል የሚሆን አንቲባዮቲክም ይጨመራል። ከማደንዘዣ በፊት ማስራብ የሚባል ነገር ለጥንቸል የለም፣ ማስታወክ አትችልም፣ እንደውም ሆዷ ስራ ካቆመ ሌላ ጣጣ ነው፣ ስለዚህ አልበላ ካለች በሲሪንጅ የሚሰጥ ምግብ ይዛችሁ ነው ወደ ቤት የምትሄዱት።

ይሄን ማለት ይከብደኛል ግን ልበለው፣ ትሉ ወደ ሆድ ዕቃዋ ወይም በብልቷ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሐኪሙ ብታርፍ ይሻላል ሊል ይችላል። ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ከሱ ወዲያ የሚደረገው ስቃይ ማራዘም ነው።

ሌላው ደግሞ ሰው «እኔ እኮ ንጹህ ነኝ» ብሎ ሲያለቅስ አያለሁ። ከቆሻሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ዝንቧ የምትፈልገው እርጥብና የሚሸት ነገር ነው፣ የሆነ ምክንያት ደግሞ ጥንቸሏን እንዲያ ያደርጋታል። የወፈረች ናት፣ ጉልበቷን አሟት መታጠፍ አቅቷታል፣ ጥርሷ ያለቅጥ አድጎ ራሷን መላስ አቁማለች፣ ሽንቷ ያመልጣታል፣ ተቅማጥ ይዟታል። ጥንቸል ሁለት አይነት ነው የምትጥለው፣ አንደኛው ክብ ደረቁ በጠጥ ነው፣ ሁለተኛው ለስላሳና የተያያዘ ነው፣ እሱን ከራሷ ተቀብላ መልሳ መብላት አለባት፣ ገንቢ ነገሩ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ጥሬ መሳይ ደረቅ መኖና ካሮት የሚበዛባት ለስላሳውን ትተወዋለች፣ ጸጉሯ ላይ ይለጠፋል፣ ዝንቧ ከሩቅ ትሸተዋለች። ቤት ውስጥ ብትኖርም ለውጥ የለውም፣ አንድ ዝንብ በመስኮት መግባት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

—

ይሄን ካነሳሽው እኔ ከጥጤ በኋላ ያደረግሁትን ልጨምር። አሁን ሌላ ሁለት አሉን። ሲሞቅ ጠዋትና ማታ ኋላቸውን አያለሁ፣ ጥርስ እንደ መቦረሽ ሆኖብኛል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጅራታቸውን ቀና ማድረግ ነው። የምፈልገው ትል አይደለም፣ ትል ካየሁ ረፍዷል፣ እንቁላሉን ነው። ክሬም ነገር ነው መልኩ፣ ቅጫም (የቅማል እንቁላል) የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይለየዋል፣ ከሱ የሚለየው አንድ ላይ ተከምሮ መለጠፉ ነው። አንዴ አግኝቼ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አውጥቼዋለሁ፣ ቢሆንም በዛው ቀን ሐኪም አሳየኋት፣ የቀረ አንድ እንቁላል ቢኖርስ።

የሚበሉት በብዛት ድርቆሽ ነው፣ መኖው በማንኪያ ሆነ፣ ከልጄ ጋር በዚ ስንት ቀን ተጣልተናል። የሸኑበትን ጉዝጓዝ በየቀኑ እቀይራለሁ፣ ቤታቸው ላይ ሽቦ መረብ ነገር ገጥሜያለሁ። ሪርጋርድ የሚባል ኋላቸው ላይ የሚቀባ መድሃኒት አለ፣ ውስጡ ሳይሮማዚን ነው፣ ትሉ እንዳያድግ ይከለክላል፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይቆያል። ያላችሁበት አገር ካለ ሐኪማችሁን ጠይቁት፣ ግን መከላከያ ነው፣ ትል ለወደቀባት አይሆንም፣ ቆዳዋ በቆሰለበት ቦታም አይቀባም። እሱን ቀብቶ ማየት የተወ ሰው ደግሞ አውቃለሁ፣ አይሆንም፣ ማየቱ አይቀርም።

ጉዞ ስትሄዱ ጎረቤት ምግብና ውሃ ብቻ እንዲሰጣት አትንገሩት። ጅራቷን ቀና አድርጎ ማየት የሚቀፈው ሰው ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሶስት ቀን ብቻዋን በሙቀት ለዚ ነገር ብዙ ነው።

እህቴ ደረስሽ ወይ? ድምጽሽ ጠፋ።

—

ደርሰናል፣ አሁን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ፍላይስትራይክ» ስላቸው እውነትም አላንገራገሩም፣ አሁኑኑ አምጪያት አሉኝ። ስላላጠብኳት ቶሎ ላጯት፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም አሉ፣ የተላጠው የእጄን መዳፍ ያክላል። ለካ ጥርሷ ነው፣ የኋለኛው መንጋጋዋ አድጎ ምላሷን እየወጋት ነበር፣ እኔ ድርቆሽ ጠገበች ብዬ ካሮት ስጨምርላት። እስከ ነገ ማታ እዛው ትቆያለች። በጠጥ ከጣለች ሆዷ ሰራ ማለት ነው ደውለን እንነግርሻለን ብለውኛል፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ።

—

ስለ በጠጥ ስልክ ሲደወልልሽ ለሁላችንም ጻፊልን። እስከዛ ቤቷን በሙሉ አውጥተሽ እጠቢው፣ ጉዝጓዙን ጣይው፣ ወድቆ የቀረ ትል ካለ ምንጣፍ ስር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ነው የሚወጣው። አብራት የምትኖር ሌላ ጥንቸል ካለች ደግሞ አሁኑኑ ጅራቷን ቀና አድርገሽ እያት።

—

ደወሉ! አስራ አንድ ፍሬ ጥላለች።