የአስጎብኚዎች የጀርባ ቦርሳ ግዢ፦ ለጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ማኅበሩ ለስሜን ተራሮች ጉዞ ሃያ የጀርባ ቦርሳ ይግዛ» ይላል። ምን ዓይነት እንደሆነና በማን እጅ እንደሚቆይ አይናገርም። ጻፉበት።

ገንዘብ ያዥ፦ በአንዱ ጥሩ ቦርሳ ዋጋ ቅዳሜ ገበያ ወርደን አራት ይዘን እንመለሳለን። ጉባኤው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ስለሆነ መልሱን ከወዲሁ ስጡኝ።

የደባርቅ አባል፦ ርካሹ ቦርሳ መጀመሪያ የሚከዳው በዚፑ ነው፤ ቀጥሎ ማንገቻው ከጀርባው ጋር በተሰፋበት ቦታ ይቀደዳል። ጨርቁ ያኔም ገና አዲስ ይመስላል። ጨነቅ በሚባለው የተራራው ማደሪያ ካምፕ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ፣ ልብስ ሰፊ ከየት ይመጣል? ከባዱን ጓዝ በቅሎ ይጭናል፤ የእንግዳው መድኃኒት፣ ውኃና የዝናብ ልብስ ግን ከአስጎብኚው ጀርባ አይወርድም።

አንጋፋ አስጎብኚ፦ በጥራቱ እስማማለሁ፤ ታክቲካል በሚባሉት፣ በወታደር ቦርሳ አምሳል በተሠሩት፣ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዙሪያቸውን የተደረደረው ጥብጣብ፣ ሞሌ የሚሉት፣ ለአሜሪካ ወታደር ተጨማሪ ኪሶች ማንጠልጠያ የተሠራ ነው። ለእኛ የመጀመሪያ እርዳታ ኪስ ከተንጠለጠለበት ይበቃል። ዥንጉርጉር የወታደር ቀለም ያለው ደግሞ ጭራሽ አይገዛ! ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየኬላው ስለ ቦርሳዬ ቀለም ማስረዳት አልፈልግም። ስካውቱ፣ አብሮን የሚጓዘው የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃ መያዙ ለእንግዳው በቂ ነው።

ስፌት የሚያውቅ አባል፦ ጋሼ ስለ ቀለሙ ያሉት ልክ ነው። ስለ ጨርቁ ልጨምር። ዴኒየር የሚባለው መለኪያ 9,000 ሜትር ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን ይናገራል እንጂ ስለ ጥንካሬው ብቻውን አይመሰክርም። 600 ዴኒየር ፖሊስተር እና 500 ዴኒየር ኮርዱራ ናይለን ቢቀርቡላችሁ፣ ቁጥሩ ያነሰው ኮርዱራ ከድንጋይ ጋር መፋተግን ይበልጥ ይችላል። 1000 ዴኒየር ደግሞ ቦርሳውን ለእኛ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ያከብደዋል። በስም አትታለሉ፤ ቦርሳውን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣብ ካልተሸፈነ፣ ማንገቻው ሥር ጥቅጥቅ ያለ የዚግዛግ ስፌት ከሌለ፣ ምንም ስም ቢለጠፍበት ተዉት። ዚፑ ወፍራም ይሁን፤ ዋይኬኬ (YKK) የሚባለው የዚፕ ምርት፣ ቁጥር 8 ወይም 10 ቢሆን እመርጣለሁ። የተሰበረ ዘለበት ስፌት ሳይፈታ የሚቀየር ቢሆን ደግሞ እዚሁ ጎንደር እንጠግነዋለን።

ሴት አስጎብኚ፦ የወገብ ቀበቶውን ማን ረሳው? ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያወርደው እርሱ ነው። የጀርባው ርዝመትም የሚስተካከል ይሁን፤ ለረጅም ወንድ የተሰፋ ቦርሳ ከእኔ ዳሌ በታች ተንጠልጥሎ ቀበቶው ምን ይሠራል? ዝናብ የማያስገባ ነው የሚለውንም አትመኑ፤ ውኃ በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። መሸፈኛ አብሮ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ተረታሁ። እንግዲያው ሃያው አሥር ይሁን፤ የቀሩት አባላት እንደ ዕቁብ እያዋጡ በተራ ይግዙ። ምንዛሬው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ አቅራቢው ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ይስጠን።

የደባርቅ አባል፦ አሥሩ የማኅበሩ ከሆኑ የሚጠግናቸው አይገኝም። ለሰው ይሰጡና ግማሹን ዋጋ ይክፈል።

ሴት አስጎብኚ፦ ግማሹን መክፈል የማይችል ጀማሪስ? የጋራ ሆነው በፊርማ ይውጡ።

ሰብሳቢ፦ ይህ ለጉባኤው ሁለት አማራጭ ሆኖ ይቅረብ። የተሻሻለው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ ወታደራዊ ቀለም የሌላቸው፣ ከ500 ዴኒየር ኮርዱራ የተሠሩ፣ የወገብ ቀበቶና የሚስተካከል ጀርባ ያላቸው አሥር ቦርሳዎች ከዝናብ መሸፈኛ ጋር ይግዛ፤ ከግዢው በፊት አንድ ናሙና ይፈተን»። ፈተናው ቀላል ነው፤ 15 ኪሎ ጤፍ ከትተን ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ጤፉን ገንዘብ ያዣችን ያምጡ።