ገነት ለምን የአትክልት ቦታ ሆነ?

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ጤና ይስጥልኝ። በጁገል ግንብ ጥግ ሳልፍ ከአንድ ግቢ አጥር በላይ ፍሬ የከበደው የሮማን ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ አየሁና ይህ ጥያቄ አደረብኝ፤ የጥንት ሰዎች ከሞት በኋላ ያለውን ደስታ ሲያስቡ የአትክልት ቦታ የሚታያቸው ለምንድን ነው?

መልስ (ከድሬዳዋ)፦ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የግእዙ «ገነት»ም ሆነ ከዐረብኛ የመጣው «ጀነት» የአትክልት ቦታ ማለት ሲሆን፣ የግሪኩ «ፓራዴይሶስ» ደግሞ በቅጥር የተከበበ ስፍራን ከሚያመለክት የጥንት ኢራናውያን ቃል የተወሰደ ነው። እንደኛ በቆላ የሚኖር ሰው ጥላና ውኃ ለምን እንደሚናፈቁ አይጠፋውም።

ሌላ መልስ (ከሐረር)፦ ሁሉም ግን ብሩህ ተስፋ አልነበረውም። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሲ» 11ኛ ክፍል የሞተው ጀግና አኪሌስ፣ በሙታን ሁሉ ላይ ከመንገሥ ይልቅ በምድር ላይ ለድኻ ሰው ተቀጥሮ መሥራትን እንደሚመርጥ ይናገራል፤ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ግብፃውያን በአንጻሩ ልቡ የእውነትና የፍትሕ አምላካቸው ከሆነችው ከማአት ላባ ጋር ተመዝኖ ያለፈ ሰው በሸምበቆ መስክ እየዘራና እያጨደ ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ደግሞ ምን ይላል?

መልስ (ከድሬዳዋ)፦ ዳንቴ ምድራዊቱን ገነት ነፍሳት ከኃጢአት በሚነጹበት በመንጽሔ ተራራ ጫፍ ያኖራታል፤ በዚያም ኃጢአትን የሚያስረሳው የሌቴ ወንዝና መልካም ሥራን የሚያስታውሰው ኤውኖኤ ይፈስሳሉ። እኔ ግን በግእዝ ሙሉ ሆኖ የቆየልንን መጽሐፈ ሄኖክን አስቀድማለሁ፤ በምዕራፍ 22 የጻድቃን ነፍሳት ፍርድን የሚጠብቁበት ስፍራ ብርሃን ያለበት የውኃ ምንጭ አለው።